ከመኪናው ሆድ ሥር ያለው ተጠባባቂ

መኪና ያለው ሰው እሑድ ጧት ባልዲና ጨርቅ ይዞ ወደ ደጁ ሲወጣ ማየት ደስ ያሰኛል። ጣራውን ያጥባል፤ መስተዋቱን ይወለውላል፤ ስፖኪዮውን ያስተካክላል፤ ምንጣፉን አውጥቶ ያራግፋል፤ ጎማዎቹንም ሳይቀር ቀለም ቀብቶ እንደ አዲስ ጫማ ያብለጨልጫቸዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን አንድ የተረሳ አለ። አራቱ ጎማዎች እንደ ሙሽራ ሲኳሉ፣ አምስተኛው ከመኪናው ሆድ ሥር እንደ ተንጠለጠለ፣ ያለፈው ክረምት ጭቃ ደርቆበት፣ የዘንድሮው አቧራ ተደርቦበት ዝም ብሎ ይኖራል። ባለቤቱ አጎንብሶ አያየውም፤ ሾፌሩም አያስታውሰውም። የሚታወሰው በቸገረ ቀን ብቻ ነው።

ይህ አምስተኛው ጎማ ሾፌሮቻችን ስኮርታ የሚሉት ነው። ቃሉ እንደ ክሪክ፣ እንደ ቸርኬና እንደ ጎሚስታ ሁሉ ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙም ለክፉ ቀን የተቀመጠ ተጠባባቂ ማለት ነው። ስሙ መልካም ስም ነው። ነገር ግን ተጠባባቂ የተባለ ሁሉ፣ በተጠራ ጊዜ አቤት ካላለ፣ ስሙን ብቻ ይዞ መቅረቱ የታወቀ ነው። እኛም ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናሳስብ የምንወደው ነገር አጭር ነው፤ ይኸውም ወርዶ ያልታየና ያልተፈተሸ ስኮርታ እንደ ሌለ ይቆጠራል የሚል ነው። እንዲያውም ከሌለው የባሰ ነው። ለምን ቢባል፣ ስኮርታ የሌለው ሰው እንደሌለው ያውቃልና ይጠነቀቃል፤ ያለው የሚመስለው ግን በባዶ ነገር ተማምኖ ገደል አፋፍ ድረስ ይሄዳል።

መኪና በተፈጠረበት በመጀመሪያው ዘመን ስኮርታ የሚባል ነገር አልነበረም። ጎማው የተበሳበት ሰው ከመንገድ ዳር ተቀምጦ፣ ጎማውን ከቸርኬው ፈልቅቆ፣ ቀዳዳውን ለጥፎ፣ በእጅ መንፊያ ነፍቶ እስኪጨርስ ድረስ ቀኑ ይመሽበት ነበር። በ1904 እ.ኤ.አ. ግን በዌልስ አገር ላኔሊ በምትባል ከተማ ይኖሩ የነበሩ ዴቪስ የተባሉ ወንድማማቾች፣ በተነፈሰው ጎማ ጎን ተደርቦ የሚታሰር ትርፍ ጎማ ሠርተው ስቴፕኒ ብለው ለገበያ አወጡት። ስሙን የወሰዱት በዚያው ከተማ ካለ ስቴፕኒ ከሚባል ጎዳና ነው። በህንድና በማልታ እስከ ዛሬ ድረስ ስኮርታ የሚጠራው ስቴፕኒ እየተባለ ነው። እነዚያ ወንድማማቾች ለዓለም ያተረፉት ጎማ ብቻ አይደለም፤ መንገደኛ ከቤቱ ሲወጣ የመንገዱን ችግር አስቀድሞ አስቦ እንዲወጣ የሚያስተምር ልማድ ጭምር ነው።

ስኮርታ እንደ መኪናው ዓይነት በልዩ ልዩ ቦታ ይቀመጣል። በትንንሾቹ የቤት መኪናዎች ከኋላ ካለው የዕቃ መጫኛ ወለል በታች ይተኛል፤ በአንዳንድ የገጠር መኪናዎች በኋለኛው በር ላይ ይሰቀላል፤ እንደ ሃይሉክስ ባሉ ፒክአፖች፣ በሃይኤስ ሚኒባሶችና በብዙ የጭነት መኪናዎች ግን ከሻንሲው ሥር ይንጠለጠላል። ምክንያቱም ከላይ ያለው ስፍራ ለሰውና ለጭነት የተፈለገ ስለ ሆነ ነው። አሠራሩም ብልሃት አለው። በቸርኬው መካከል አንድ የብረት ማንጠልጠያ ይገባና በሰንሰለት ወይም በሽቦ ገመድ ከላይ ካለው ጠምዛዥ ጥርስ ጋር ይያያዛል። ከክሪኩ ጋር የተሰጠው ረጅም ዘንግ ከኋላ ባለው ቀዳዳ ገብቶ ሲዞር፣ ጎማው እንደ ጕድጓድ ውሃ ባልዲ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ወደ ሌላው ወገን ሲዞር ደግሞ ተመልሶ ይወጣል። ብልሃቱ ያማረ ቢሆንም ቦታው ክፉ ቦታ ነው። ከጎማዎቹ ሥር የሚፈናጠረው ጠጠር፣ ከጎርፉ የሚረጨው ጭቃ፣ የጥርጊያ መንገዱ አቧራ ሁሉ የሚያርፈው እዚያው ነው።

እንግዲህ እንዲህ ተሰቅሎ የሚኖረውን ጎማ ምን ምን ጠላት እንደሚያገኘው እንመልከት።

የመጀመሪያው ጠላት ንፋሱን ቀስ በቀስ ማጣቱ ነው። ጎማ ባይበሳም፣ መሬት ባይነካም እንኳ ንፋስ በላስቲኩ ውስጥ ጥቂት በጥቂት ያልፋል። በጎሚስታ መለኪያ ሲታይ በወር አንድ ወይም ሁለት ቍጥር ያኽል ይቀንሳል። እንዲህ ከሆነ ዛሬ 40 የተሞላ ስኮርታ ዓመት ሙሉ ሳይታይ ቢቆይ 28 ወይም ከዚያም በታች ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። ሰውና ጭነት የሞላው ሚኒባስ በእንዲህ ያለ ጎማ ቍልቍለት ቢወርድ፣ ጎማው እየተጨፈለቀ ይግላል፤ የጋለ ጎማም ይፈነዳል። የመጀመሪያው ጎማ የተበሳው በአንድ ሚስማር ቢሆን፣ ሁለተኛው የሚፈነዳው በባለቤቱ ስንፍና ነው።

ሁለተኛው ጠላት ዕድሜ ነው። ብዙ ሰው ስኮርታው ጥርሱ ስላላለቀ አዲስ ይመስለዋል። ላስቲክ ግን እንደ ቆዳ ነው፤ ቢሠራበትም ባይሠራበትም ያረጃል፤ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። የጎማውን ዕድሜ ለማወቅ የሚሻ ሰው ከጎኑ ላይ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ምልክት ቀጥሎ የተጻፈውን መስመር ያንብብ። በመጨረሻ የሚገኙት አራት አኃዞች ጎማው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። ለምሳሌ 2319 ተብሎ ቢገኝ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሚሽለንን የመሰሉ ጎማ ሠሪዎች፣ ጎማ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተሠራ አሥር ዓመት ከሞላው ደግሞ ስኮርታም ቢሆን እንዲለወጥ ይመክራሉ። በአገራችን ግን ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገሉ መኪናዎች በየመንገዱ አሉ፤ ከእነሱም መካከል ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰቀለላቸውን ስኮርታ እስከ ዛሬ ይዘው የሚዞሩ አይጠፉም። ይህ ጎማ ሳይሆን ቅርስ ነው።

ሦስተኛው ጠላት ዝገት ነው። ዝገት ጎማውን አይበላም፤ የሚበላው የተሰቀለበትን ገመድና ሰንሰለት፣ የሚያዞረውንም ጥርስ ነው። ውጤቱም ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ በተፈለገ ጊዜ አልወርድም ይላል፣ ወይ ባልተፈለገ ጊዜ ራሱ ይወርዳል። ይህ ከንቱ ፍራቻ አለመሆኑን ለማስረዳት አንድ ነገር እንጥቀስ። በ2010 እ.ኤ.አ. የቶዮታ ኩባንያ በአሜሪካ የሸጣቸውን ሲዬና የተባሉ የቤተ ሰብ መኪናዎች፣ ቍጥራቸው 600,000 ያኽል የሆኑትን፣ ለጥገና ጠርቶ ነበር። ምክንያቱ የስኮርታው ገመድ ነው። በዚያ አገር በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን፣ ጨው ገመዱን አዝጎ ቢበጥሰው ስኮርታው ከመንገድ ላይ ወድቆ ከኋላ የሚመጣውን መኪና ይጐዳል ተብሎ ስለ ተሠጋ ነው። በእኛ አገር በረዶ ለማቅለጥ ጨው የሚበትን የለም። ይሁን እንጂ ከአፍዴራ ጨው ጭነው የሚመላለሱት፣ ወደ ጅቡቲ ወደብ ወርደው የባሕር ንፋስ የሚጠጡት መኪናዎቻችን ጥቂቶች አይደሉም። የእነዚህ ሾፌሮች ከማንም ይልቅ አጎንብሰው ማየት ይገባቸዋል።

አራተኛው ጠላት ሌባ ነው። ከመኪና ሥር የተሰቀለ ጎማ ለሌባ የተዘረጋ ማዕድ ስለ ሆነ፣ ብዙ ባለ መኪናዎች በሰንሰለትና በቍልፍ ያስሩታል፤ በብረት የሚያስበይዱትም አሉ። ንብረትን መጠበቅ መልካም ነው፤ የሚያስቀው ግን የቍልፉ መፍቻ ብዙ ጊዜ ከቤት ውስጥ በመሳቢያ ተቀምጦ መኪናው ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ መገኘቱ ነው። የተበየደውማ ያለ ብረት መቍረጫ አይገኝም። ጎማው ከሌባ ድኖ ከባለቤቱም ተሰውሮ ቀረ ማለት ነው።

ከነዚህ ሁሉ የሚከፋው አምስተኛው ጠላት ግን ከመሪው ጀርባ የተቀመጠው ራሱ ሰው ነው። ጎማ በመንገድ ላይ ሲበሳ ስኮርታው ይወጣና ይገባል፤ የተበሳው ጎማ በስኮርታው ቦታ ይሰቀላል። «ነገ አስለጥፈዋለሁ» ይባላል። ነገ ሌላ ጉዞ አለ፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ተራ አለ፤ ሳምንት ያልፋል፤ ወር ያልፋል። የተበሳውም ጎማ ስኮርታ የሚለውን ማዕረግ እንደ ያዘ ይኖራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ስንጓዝ ያየነውን በዚህ ላይ እንጨምር። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያኽል የሚወጣ ጠመዝማዛ ነው። ከድልድዩ ተሻግረን ዐቀበቱን ስንጀምር አንድ ሚኒባስ በመታጠፊያው ላይ ቆሞ አገኘን። ተሳፋሪዎቹ ጥላ በሌላት አንዲት ግራር ሥር ተኰልኵለዋል፤ ሕፃን የታቀፈች ሴት በነጠላዋ ፀሐዩን ትከላከላለች። ሾፌሩና ረዳቱ ከመኪናው ሥር ገብተው ከዛገው ማንጠልጠያ ጋር ይታገላሉ። ዘንጉ የሚገባበት ቀዳዳ በደረቀ ጭቃ ተደፍኖ ነበርና አልዞር አለ። ከብዙ ድካም በኋላ ገመዱ በድንጋይ ተቀጥቅጦ ተበጠሰ፤ ጎማውም ዱብ አለ። ረዳቱ ተጫነውና ቀና ብሎ ሾፌሩን ተመለከተው።

«ጋሼ፣ ይኸ እኮ ባለፈው የተበሳብን ጎማ ነው» አለ።

ከተሳፋሪዎቹ መካከል አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብለው፣ «ልጄ፣ ይህን የመሰለ በረሃ ስትገባ እሱን ሳታየው ነውን?» ብለው ጠየቁት። ሾፌሩም አንገቱን ደፍቶ፣ «አለ ብዬ ነው አባባ» አላቸው። ረዳቱ ሁለቱንም ጎማዎች ይዞ በአንድ የጭነት መኪና ተሳፍሮ ወደ ደጀን ወጣ፤ ተሳፋሪዎቹም በዚያ ሐሩር እሱን መጠበቅ ሆነ ዕጣቸው።

«አለ ብዬ ነው።» ይህች አጭር ቃል ስንት መንገደኛ እንዳዋለችና እንዳሳደረች የሚያውቅ የለም። ሾፌሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሰካራምም አልነበረም። ስኮርታው ግን እንዳለ አሰበ እንጂ እንዳለ አላየም። በማሰብና በማየት መካከል ያለውን ልዩነት የከፈለው እሱ ብቻ ቢሆን ምንም ባልተባለ ነበር። የከፈሉት ግን ገንዘባቸውን ከፍለው ሕይወታቸውን በእጁ የሰጡት መንገደኞች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ለሐዘን የሚደርስ፣ አንዱ ሐኪም ቀጠሮ ያለው፣ አንዷ የታመመ ልጅ የያዘች ልትሆን ትችላለች። የእነሱን ሰዓት የበላ ሾፌር ንብረታቸውን ከበላ ሰው በምን ይለያል?

ጉዳቱ በመዘግየት ብቻ አያበቃም። በጠባብ መንገድ መታጠፊያ ላይ የቆመ መኪና ለሚመጣው ሁሉ ወጥመድ ነው። ሾፌሮቻችን ይህን ስለሚያውቁ የዛፍ ቅርንጫፍ ቈርጠው ከኋላና ከፊት ይጥላሉ፤ ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባሉ፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ጎማው ተለውጦ መኪናው ሲነሣ ቅጠሉም ድንጋዩም እዚያው ይቀራል። በጨለማ የሚመጣው ሌላ ሾፌር ያንን ድንጋይ ሲያገኘው ወይ ጎማው ይፈነዳል፣ ወይ ከድንጋዩ ሲሸሽ ከገደሉ ይገባል። የራሱን ችግር ከመንገድ ላይ ጥሎ ለሌላው የሚያወርስ ሰው ባለ ዕዳ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ቅጠሉን አስቀድመው እንዲያስቡበት እንጂ ከተቃጠለ በኋላ ከአስፋልት ላይ እንዲበትኑት አልነበረም።

አሁን ደግሞ ወደ ሥራው እንምጣ። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ዘይት በሚለወጥበት ጊዜ ሁሉ፣ ቢያንስ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላ ቢደረግ ይበቃል።

መኪናው ከለጥ ያለ መሬት ላይ ይቁም፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ። ዘንጉ ከኋላው ቀዳዳ ገብቶ ይዞርና ስኮርታው እስከ መሬት ይውረድ። በዚህ ጊዜ ማንም ሰው ከጎማው ሥር እጁንም ራሱንም አያግባ፤ የዛገ ገመድ ሳይናገር ይበጠሳልና። ከወረደ በኋላ ጎማው ይታጠብ፤ ጎኑ ስንጥቅ እንዳለው፣ ቸርኬውም እንደ ተጣመመ ይታይ። ቀጥሎ ንፋሱ ይለካ። የሚሞላው መጠን በሾፌሩ በር ዐምድ ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ የፊቱና የኋላው መጠን የተለያየ ከሆነ፣ ስኮርታው ወዴት እንደሚገባ አይታወቅምና በከፍተኛው ይሞላ። ትርፍ ንፋስ ማውጣት ቀላል ነው፤ የጐደለ መሙላት ግን በበረሃ አይገኝም።

ከዚያም ገመዱ ወይም ሰንሰለቱ በሽቦ ብሩሽ ይጠረግና ግራሶ ይቀባ፤ የዘንጉ ቀዳዳም ከጭቃ ይጽዳ። ገመዱ ጥቂት ክር እንኳ ተበጥሶበት ከሆነ ይለወጥ። ሲመለስ ጎማው ቀጥ ብሎ መግባቱ፣ ማንጠልጠያውም በቸርኬው መካከል በትክክል መቀመጡ ይታይ። ወደ ላይ ሲደርስ ጠብቆ፣ በእጅ ሲነቀነቅ የማይወዛወዝ ይሁን። ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በኋላም አንድ ጊዜ ተመልሶ ቢነካካ መልካም ነው።

ስኮርታ ብቻውን አይበቃም። ክሪኩ የተጫነውን መኪና የሚያነሣ ነው ወይ? የጎማው መፍቻ ከዳዶው ጋር ይገጥማል ወይ? ብዙ ሰዎች ለጌጥ ሲሉ አራቱን ቸርኬዎች ሲለውጡ ስኮርታውን በቀድሞው ቸርኬ ይተዉታል፤ ያን ጊዜ ዳዶው ላይገጥም ይችላል። የጎማው ልክም ከአራቱ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ በተለይ አራቱም ጎማዎች በሚነዱበት መኪና ልኩ የተለያየ ጎማ ጥርሶቹን ይጐዳል። ይህ ሁሉ በደጅ ሲሞከር ትምህርት ነው፤ በበረሃ ሲሞከር ግን ቅጣት ነው።

መቼም የሚከራከር አይጠፋም። «ጎሚስታ በየማዕዘኑ አለ፤ ጎማ ሰቅሎ የማይጠብቅ ሰፈር የለም፤ ይህን ያኽል ምን ያስጨንቃል?» የሚል አለ። እውነት ነው፤ በአዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ነው። ነገር ግን ከጎሚስታው ደጅ የሚበሳ ጎማ ጥቂት ነው። ከሊማሊሞ ዐቀበት፣ ከዓባይ በረሃ፣ ከአፋር ሜዳ መካከል ሚስማሩ አለ፤ ጎሚስታው ግን የለም። ሌላውም ደግሞ «ተራዬ ያልፍብኛል፤ ጊዜ የለኝም» ይላል። ግማሽ ሰዓት የሌለው ሰው ግማሽ ቀን ከየት ያመጣል?

«የማን ሥራ ነው?» የሚለውም ጥያቄ መልስ ያስፈልገዋል። ባለቤቱ ሾፌሩ ይየው ይላል፤ ሾፌሩ ረዳቱን ያያል፤ ረዳቱም «የጎማ ገንዘብ ማን ሰጠኝ?» ይላል። እንደ እኛ አሳብ ገንዘቡ የባለቤቱ ነው፤ ሥራው የሾፌሩ ነው። ያረጀ ስኮርታ እንዲለወጥ ሲጠየቅ «እሱ እኮ አይሠራበትም» የሚል ባለቤት፣ ለተጠባባቂ የሚከፍለው ለሰው ሕይወት መሆኑን ይወቅ። መኪና ሁሉ በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ ይለጠፍለታል። መርማሪዎችም ስኮርታው አለ ወይ ብለው አጎንብሰው በማየት ብቻ ሳይረኩ፣ ዝቅ ተደርጎ ንፋሱና ዕድሜው እንዲታይ ቢያደርጉ፣ መናኸሪያዎችም የሩቅ አገር መኪና ተሳፋሪ ከመጫኑ በፊት ይህንኑ ቢጠይቁ ትልቅ ሥራ ነው። መንጃ ፈቃድ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችም ተማሪው ወደ ኋላ መኪና ማቆምን እንደሚለማመድ ሁሉ፣ ከሥር የተሰቀለ ጎማ አውርዶ መመለስን በእጁ እንዲለማመድ ቢያደርጉ መልካም ይመስለናል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት እየበዙ ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ስኮርታ ጨርሶ የላቸውም፤ በምትኩ የቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽና ትንሽ መንፊያ ይሰጣቸዋል። ፈሳሹ ትንሽ ቀዳዳ ይደፍናል፤ የተቀደደ ጎማ ግን አይሰፋም፤ እሱም ራሱ ዕድሜ አለውና ጊዜው ያልፋል። እንዲህ ያለውን መኪና የገዛ ሰው ረጅም መንገድ ሳያስብ በፊት ከፍቶ ይመልከት። በሌላ በኩል አሮጌዎቹ መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉና ስኮርታቸውም አብሮ ሊጠበቅ ይገባል።

ስለዚህ፣ ክቡራን አንባብያን፣ መኪና ያላችሁ ዛሬ ከማጠብ ስታበቁ ጨርቁን አኑራችሁ አንድ ጊዜ አጎንብሱ። መኪና የሌላችሁም ሩቅ አገር ለመሄድ ስትሳፈሩ ሾፌሩን በትሕትና፣ «ወንድሜ፣ ስኮርታውን አውርደህ አይተኸዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። «አዎን፣ አለ» ቢላችሁ አትርኩ፤ መቼ እንዳየው ጠይቁት። ጥያቄው ሲደጋገም ልማድ ይሆናል፤ ልማዱም የሾፌሩን አፍ «አለ ብዬ ነው» ከማለት ወደ «አይቼዋለሁ» ያሻግረዋል። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ሰዓትና አንድ ጣሳ ግራሶ ብቻ ነው።